ግባ በሉት

ተረት ተረት!

«ጆሯችን ይከፈት!»

እሺ ልጆቼ፣ ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁና አትሳቁብኝ። አስተማሪ እንደነበርኩ እንጂ ግጥም እንደምጽፍ አታውቁም። ከልጅነቴ ጀምሬ እጽፋለሁ፤ ለሟቹ አያታችሁ እንኳ አሳይቼ አላውቅም። ትናንት ይህቺ የትምወርቅ፦ «እማማ፣ ጽሑፌ እንዴት ያምርልኛል?» ብላ ስትጠይቀኝ አፈርኩና ወሬ ቀየርኩ። መልሴ ይኸው።

በድሮ ዘመን ውዴ የምትባል ልጃገረድ ነበረች። ምኞቷ አልቃሽ መሆን ነበር፤ ለቅሶ ቤት ሙሾ አውርዳ ሰውን ማስለቀስ። በመንደሯም ይመኑ የሚባል ዝምተኛ ሰው ታመመና ሞተ። ሚስቱ ጠጂቱ ከድንጋጤዋ ብዛት እንባ አጣች። ውዴም ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሾ እንድታወርድ ተጠራች።

ከጌቶች ለቅሶ የሰማችውን ሁሉ ለቃቅማ መጣች። ይመኑን አንበሳ አለችው፣ ነብር አለችው፣ ጦረኛ አለችው። ከዚያም አንድ ሽማግሌ ከኋላ፦ «አንቺ ልጅ፣ ቀብር ተሳስተሽ ነው እንዴ የመጣሽው? ይመኑ እኮ ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው!» አሉ። ለቀስተኛው ሳቀ። እስቲ አስቡት፣ በሰው ቀብር ላይ ሳቅ! ጠጂቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለችና አቀረቀረች። ባሏ በሳቅ ተሸኘ።

ውዴ እያለቀሰች ወደ አሮጊቷ አልቃሽ ወደ እማማ ብርቄ ሄደች።

ውዴ፦ «እማማ፣ ቃል አነሰኝ።»

እማማ ብርቄ፦ «ቃልማ ተርፎሻል። ያጣሽው ሰውየውን ነው። ለሠልስቱ ሰው እንደገና ይሰበሰባል። ሂጂና ሚስቱን ጠይቂ። ጀግና ነበር ወይ እንዳትዪ። ቤት ሲገባ ምን ያደርግ ነበር በዪ። ከዚያ አፍሽን ይዘሽ ስሚ።»

ሄደችና ጠየቀች። ጠጂቱም፦ «ምን ያደርጋል ብለሽ፣ እንደ ሰው ነው» አለች። ውዴ ዝም አለች። ጠጂቱ ቆየችና እንዲህ አለች፦ «ዝናብ የመታው ቀን ደጅ ላይ ይቆማል። መደቡን እንዳያረጥብብኝ። ‹ግባ እንጂ፣ ትታመማለህ!› ስለው፣ ‹ቆይ ይንጠፍጠፍልኝ› ይላል። ሞኝ ነበር እኮ።»

ውዴ ብዙ ስንኝ ደረደረችና ለእማማ ብርቄ ልታሰማ ተመለሰች።

እማማ ብርቄ፦ «ጮክ ብለሽ በዪው። እዚህ ጋ ድምፅሽ ደከመ፤ ራስሽም አላመንሽበትም፤ ጣይው። ይህቺኛዋ ደግሞ አንቺን ልታሳምር የገባች ናት፤ ትውጣ።»

ውዴ፦ «ኧረ እማማ፣ አለቀብኝ እኮ! ሁለት ስንኝ ብቻ ቀረኝ!»

እማማ ብርቄ፦ «ሁለት ከበቃ ሁለት ነው።»

እኔም ልጆቼ፣ ስንኝ መጣሉን እስክለምድ ጸጉሬ ሸበተ።

ሠልስቱ ደረሰ። ውዴ ተነሳች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፦

ይንጠፍጠፍልኝ ብሎ ደጅ ላይ የሚቆመው፣
ዝናቡ አባርቷል፣ ግባ በሉት ምነው።

በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም። ከዚያም አንዱ ተንሰቀሰቀ፣ ሌላውም ተከተለ። ጠጂቱም እንባዋ መጣላት። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት የውዴን እጅ ያዘችና፦ «እስቲ ድገሚልኝ፣ ልጄ» አለቻት።

ተረቴን በልባችሁ ያዙልኝ፣ አፌን በትኩስ ዳቦ አሙቁልኝ።