ጋቢ የለበሰው ጠርሙስ

አንድ ቀን፣ ደብረ ብርሃን ላይ ነፋሱ ከሰው ራስ ባርኔጣ በሚነጥቅበት በኅዳር ወር፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሦስት ሆነን የአቶ ልሳነወርቅን በር አንኳኳን። ሽማግሌ ሆነን መሄዳችን ነው። ከፊት ጋሽ ወንድይፍራው ነበር፤ ወፍጮ ቤት ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው። ከኋላው መምሬ ዘገየ። እኔ ቁጥር ለመሙላት ነው የተጠራሁት።

የሄድነው ለእትዬ የሻሽወርቅ ልጅ ነው። እትዬ የሻሽወርቅ አረቄ አውጪ ናት። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሃያ ዓመት ሙሉ ብቅል አብቅላ፣ ጌሾ ወቅጣ፣ ዓይኗን በጭስ አቅልታ አንድ ልጇን አሳደገች። ልጁም ተምሮ የእንስሳት ሐኪም ሆነ። የአቶ ልሳነወርቅን ልጅ ሕሊናን ይወዳታል፣ እሷም ትወደዋለች፤ እናቷ ወይዘሮ አስካለም ላሟን ካዳነላት ጀምሮ ስሙን ሳታነሣ አትውልም። የቀረው አባትየው ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ሄደን ሁለት ጊዜ «ላስብበት» ብሎ መልሶናል። በሦስተኛው ባዶ እጃችንን ከተመለስን ደግሞ ነገሩ አበቃ ማለት ነው። 

አቶ ልሳነወርቅን ለማያውቀው ልንገር። ክፉ ሰው አይደለም። ከዓመታት በፊት መሥሪያ ቤቱ ስለ በግ ሱፍ እንዲሠለጥን ስኮትላንድ ልኮት አሥራ አንድ ቀን ቆይቶ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ የማያውቀው ነገር የለም። ስለ ዝናብ ስታነሡ የስኮትላንድን ዝናብ ያነሣል። ስለ በግ ካነሣችሁማ ቀኑ መሸ በሉት። ከዚያ ሲመጣ ታዲያ አንድ ጠርሙስ ውስኪ ይዞ መጣ። አልከፈተውም። ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም አልቀመሰውም።

ሳሎን ስንገባ ጠርሙሱ ከሁሉ የሚሻለው ወንበር ላይ ጋቢ ለብሶ ተቀምጧል። ጋቢው እስከ አንገቱ ነው፤ ክዳኑ ብቻ ብቅ ብሏል። መምሬ ዘገየ የታመመ ሕፃን መስሏቸው «እግዚአብሔር ይማረው» አሉ። አቶ ልሳነወርቅ አሜን ብሎ ሲያበቃ፣ የኅዳር ብርድ እንዳይመታው መሆኑን ነገረን፤ ንፋስ እንዳይገባበትም በሩን ቶሎ እንድንዘጋ ለመነን። እኛ እንደ ወጉ ቆመናል። ጠርሙሱ ተቀምጧል።

ጋሽ ወንድይፍራው የመጣንበትን ነገር በሚገባ ተናገረ። አቶ ልሳነወርቅም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ልጁን እንደማይጠላው፣ ሙያውንም እንደሚያከብር ገለጸልን። ቀጥሎም፣

«ምንጩ ነው ችግሩ» አለ። «ሰው በምንጩ ነው። የኔ ልጅ ለአረቄ አውጪ ልጅ አትዳርም።»

መምሬ ዘገየ መቋሚያቸውን ነቅነቅ አደረጉ። እኔ ወደ በሩ ማየት ጀመርኩ። ጋሽ ወንድይፍራው ግን ምንም እንዳልተባለ ሰው ወደ ወንበሩ ዞሮ፣ እኚህ ጋቢ የለበሱት እንግዳ ከየት እንደመጡ በትሕትና ጠየቀ።

አቶ ልሳነወርቅ ፊቱ በራ። ምንጭ ማለት ምን እንደሆነ ከዚህ ጠርሙስ እንድንማር ነገረን፤ ጀመረልንም። ውስኪው የደጋ ነው፤ ብርዱ ከኛ ብርድ የባሰ፣ ደመናው ጣራ ላይ የሚተኛ አገር። ከገብስ ብቅል የተሠራ ነው። ብቅሉን የሚያደርቁት ከረግረግ ተቆፍሮ እንደ ኩበት በሚነድ አፈር ጭስ ነው። ውኃው ከአንዲት ምንጭ ይቀዳል፤ ምንጪቱን አጎንብሶ በእጁ ነክቷታል። የነካበትን እጅ አሳየን። ውስኪው ከብዙ በርሜል የተደባለቀ ሳይሆን ከአንድ በርሜል ብቻ የተቀዳ ነው፤ ሃያ አንድ ዓመት እዚያው በርሜል ውስጥ ብቻውን ተኝቷል። በርሜሉም ቢሆን እንዲሁ የተገኘ አይደለም። በፊት ስፔን አገር የወይን ጠጅ ይዞ የኖረ፣ እንጨቱ ደግሞ መቶ ዓመት የሞላው ዛፍ ነበር። የዛፉን ዘር ሊቆጥር ሲል ወይዘሮ አስካለ ከጓዳ ሆና ኡሁ ኡሁ ብላ ሳለች።

ቀጥሎ ወደ ቤቱ ታሪክ ገባ። ውስኪ ቤቱን የመሠረተችው አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ሰባት ልጆች ይዛ፣ በድንጋይ ጎጆ ውስጥ፣ በአንዲት የመዳብ ድስት ነው የጀመረችው። ቀራጮች እንዳይደርሱባት የምታነደው ጉም ሲወርድ ብቻ ነበር፤ ጉምና ጭሱ እንዳይለይ። አንድ ጊዜ ሲመጡባት ድስቱን ገልብጣ ወንበር አስመስላ በቀሚሷ ሸፍና ተቀመጠችበት። ድስቱ ትኩስ ነበር። ቀራጮቹ እስኪሄዱ ፈገግ እንዳለች ቆየች። እዚህ ላይ ሲደርስ አቶ ልሳነወርቅ መሐረቡን አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ። የእውነት እንባ ነበር። እንዲህ ያለች እናት እንደማትገኝ፣ እጇን ሊስም እስኪመኝ ድረስ እንደሚያከብራት ነገረን።

እንድናሸትም ፈቀደልን። ጠርሙሱ የታሸገ ስለሆነ የመጣበትን ካርቶን ነው ያሸተትነው። በየተራ። መምሬ ዘገየ ካርቶን ካርቶን እንደሚል ሊናገሩ ሲሉ ጋሽ ወንድይፍራው እግራቸውን ረገጠ።

ከዚያ ጋሽ ወንድይፍራው፣ ወፍጮ ቤት ስለምውል ብቅል ነክ ነገር አይገባኝም ማለት አልችልም ብሎ፣ አንዲት ነገር ብቻ ልጠይቅ አለ። «ያቺ ባሏ የሞተባት ሴት ከብቅሉ የምታወጣው፣ ከድስቱ በእንፋሎት ወጥቶ ጠብ ጠብ የሚለው፣ በኛ አገር ስሙ ምንድን ነው?»

አቶ ልሳነወርቅ፣ አሠራሩ የተለየ መሆኑን፣ ብርዱም የተለየ መሆኑን፣ በርሜሉም መዘንጋት እንደሌለበት አስረዳ። ጋሽ ወንድይፍራው አንገቱን እየነቀነቀ ጠበቀው። ሌላ የሚለው ሲያልቅበት አቶ ልሳነወርቅ በዝግታ፣

«ያው… አረቄ ነው» አለ።

ጋሽ ወንድይፍራው ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«እንግዲያ አቶ ልሳነወርቅ፣ የአረቄ አውጪ ልጅ ቤቴ አይገባም አይበሉን። አንዱን ጋቢ አልብሰው ከኛ በላይ አስቀምጠውታል። ደግሞ ከሁለቱ እናቶች የኛዋ ትሻላለች፤ ያችኛዋ ልጇን ሃያ አንድ ዓመት በርሜል ውስጥ ዘጋችበት፣ የኛዋ ትምህርት ቤት ላከችው።»

ከጓዳ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ፤ ወይዘሮ አስካለ አፏን በሁለት እጇ ስትይዝ የለቀቀችው ሰሐን መሆኑን ኋላ ነው የሰማነው። አቶ ልሳነወርቅ ጠርሙሱን አየ፣ እኛን አየ፣ የራሱን እጅ አየ። ደጁ ላይ የነፋሱ ጩኸት ይሰማል። ከዚያ ተነሣና ጠርሙሱን ከነጋቢው አቅፎ ወለሉ ላይ አኖረው፤ ወንበሩንም በመዳፉ ጠርጎ ለጋሽ ወንድይፍራው አቀረበለት።

«ተቀመጡ» አለ። «ለመሆኑ የልጁ ስም ማን ነበር?»