የቦጭቄ አዋዋጥ

አንድ ጊዜ፣ ቆላ ውስጥ ባለ የገደል ዋሻ፣ አንዲት ጅብ ከአንድ ልጇ ጋር ትኖር ነበር። ስጋ እንዲቦጭቅላት ብላ ቦጭቄ አለችው። ቦጭቄ ግን መቦጨቅ አልቻለም። የኋላ ጥርሶቹ ሲገጥሙ የፊቶቹ አይገናኙም፤ ቁርበት ሲነክስ በመሃላቸው ሾልኮ ይወጣል።

የጅቦች ወግ ደግሞ ጨካኝ ነው። አደይ ሲፈነዳ ግልገሎች ሁሉ ሸንጎ ይወጣሉ፤ ያን ቀን ድርሻውን በገዛ ጥርሱ ያልቦጨቀ ከመንጋው ጋር መብላቱ ያበቃል።

እናቱ ቀበሮን ጠራችው።

«ይሄማ ፍንጭት ነው፣ እመት ጅቢት» አለ ቀበሮ። «ውበት ነው፤ ሴቶቹ ይሻሙበታል።»

«ፍንጭት ቁርበት ይቀድዳል እንዴ?»

«እንግዲያው አንድ የበሬ ጭን ስጪኝ፤ በጅማት አስሬ እመልሰዋለሁ።»

ጭኑን ተቀበለና ጥርሶቹን በበሬ ጅማት ጠፍሮ አሰራቸው። ጠዋት ቦጭቄ ሲነቃ ጅማቱ የለም።

«እማ፣ ጅማቴስ?»

እናቱ አፏን ጠረገች። «ሸተተኝ። ምን ላድርግ?»

ሁለተኛም ታሰረ፤ ሁለተኛም በላችው። በሦስተኛው አፍንጫዋን በጭቃ ደፍና ተኛች፤ ጥርሶቹም ቀስ በቀስ ተመለሱ። ጅማቱ በተፈታ በሁለት ሳምንቱ ግን እንደገና ተከፈቱ። ቀበሮ ሲፈለግ አገር ለቋል።

ከዋሻው ፊት ካለው ሾላ ላይ፣ ጦጢት ልጇን አቅፋ ይህን ሁሉ ታይ ነበር።

«እመት ጅቢት፣ ልጅሽ ውሃ ሲጠጣ አየሁት» አለች ከላይ ሆና።

«ውሃ መጠጣትም ነውር ሆነ ደግሞ?»

«በዋጠ ቁጥር በምላሱ ጥርሶቹን ይገፋል። ጡት ሲጠባ የለመደው አዋዋጥ ነው፤ አድጎም አልተወውም። ምራቁንም ቢሆን ቀን ሙሉ ሲውጥ ቀን ሙሉ ይገፋል። ጅማቱ የመለሰውን ምላሱ ይከፍተዋል።»

ጅቢት አሰበች፤ ማሰቡ ጊዜ ወሰደባት። «እንግዲያው ምላሱን ልቁረጠው።»

«ቆርጠሽ ልትበዪው ነው» አለች ጦጢት። ቦጭቄ ቶሎ አፉን ዘጋ።

ጦጢት በቅጠል ላይ ጠብታ ማር ጣለችለት። «ማሩን በምላስህ ጫፍ አንሳና ከላይኛዎቹ የፊት ጥርሶችህ ኋላ፣ ላንቃህ ላይ ካለችው ጉብታ አሳርፈው። ጥርስህን ግጠም፣ ከንፈርህን ዝጋ። አሁን ምላስህን ከዚያ ሳታነሳ ዋጥ።»

ዋጠ፤ ምላሱ ወጣ። ደገመ፤ ወጣ። በአምስተኛው ከቦታው አልተነቃነቀም።

«እስኪለምደው ቀን ሙሉ እንዲህ ነው» አለች ጦጢት።

«ማን ያስታውሰዋል? እኔ እንደሆንኩ ከሦስት በላይ መቁጠር አይሆንልኝም።» ይህን እያለች ጅቢት ከወንዙ ማዶ የሚግጡትን ከብቶች አይታ ምራቋን ዋጠች። ትንሽ ቆይታ ደገመች።

ጦጢት ፈገግ አለች። «መቁጠር ምን ያደርግልሻል? ምራቅሽን በዋጥሽ ቁጥር ‹ምላስህን› በይው።»

ጅብ ስጋን ሳታስብ የምትውልበት ሰዓት ስለሌለ፣ ዋሻው ከጠዋት እስከ ማታ «ምላስህን፣ ምላስህን» ሆነ። ቦጭቄ ሰለቸው፣ አኮረፈ፣ አንዳንድ ቀን እያወቀ ረሳ። ዝናቡ ሲበረታ ግን ማንም ሳያስታውሰው በደንብ ይውጥ ጀመር። ያን ጊዜ ጦጢት ቃጫ ወረወረችላቸው።

«አሁን ጥርሱን እሰሪለት። ይሄኛው ስጋ ስጋ አይሸትም።»

ቃጫው ሲፈታ ጥርሶቹ እንደተገጠሙ ቀሩ። አደይ ፈነዳ። ሸንጎው ላይ ሽማግሌው ጅብ ወፍራም ቁርበት ወርውሮለት፣ «እስቲ እንይህ» አለው። ቦጭቄ ነከሰ። የፊት ጥርሶቹ ገጠሙ፤ ቁርበቱ ተተረተረ። አንድ ጉርሻ ወሰደና ከንፈሩን ዘግቶ ዋጠ።

ከኋላው እናቱ ስጋውን እያየች ምራቋን ዋጠች። «ምላስህን» አለች ከልማዷ።

«ቦታው ላይ ነው፣ እማ» አለና ግማሹን ቦጭቆ ሰጣት።

ከዚህ የምንማረው፣ የተጣመመውን ከማሰር በፊት ምን እንዳጣመመው ማየት እንደሚገባ፣ ክፉ ልማድም በቁጣ ሳይሆን በየዕለቱ በሚደገም ትንሽ በጎ ልማድ እንደሚተካ ነው።