መጀመሪያ ቀዩን

አንድ ካርታ ሠሪ ነበር። አንድ ነጋዴ መጥቶ፣ «አቮካዶ ልተክል ነው፤ ለዛፉ የሚስማማውን መሬት አረንጓዴ ቀባልኝ» አለው። ካርታ ሠሪው አፈሩን አየ፣ ዳገቱን አየ፣ ዝናቡን አየ፤ የሚስማማውን ሁሉ አረንጓዴ አደረገው። የቀረው የተከለለውን ደን በቀይ መሸፈን ብቻ ነበር። «እሷ ምን አላት፣ መጨረሻ ላይ» ብሎ ምሳ ወጣ። ሲመለስ ካርታው የለም። ነጋዴው አረንጓዴውን አይቶ፣ ያለቀ መስሎት፣ በደስታ ይዞት ሄዷል።

ከአረንጓዴው ሁሉ ለምለሙ ደግሞ ደኑ ነው። የመንደሩ ምንጭ የሚፈልቀውም ከዚያው ነው። በማግስቱ ነጋዴው ባለመጋዞች ይዞ ወደ ደኑ መውጣቱ ሲሰማ ካርታ ሠሪውን ላብ አጠመቀው። ቢደውል ኔትወርክ የለም። የኪራይ ሞተር ላይ ዘሎ ወጣ።

«ወንድሜ፣ ንዳው!»

«ቀስ በል እንጂ፣ ሙሽራህ ጥላህ ጠፋች እንዴ?» አለ ሞተረኛው።

ሲደርስ የመጋዝ ድምፅ የለም። ባለመጋዞቹ ሣር ላይ ተጋድመዋል። በዚያ አገር ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ፣ ባለቀፎው ራሱ ወጥቶ ሳያወርድ አይቆረጥም። የደኑ መግቢያ ዛፎች ላይ የአንድ ሽማግሌ ቀፎዎች ተሰቅለዋል። ሽማግሌው ከሥር ቁጭ ብለው የጫማቸውን ክር ይፈታሉ፣ መልሰው ያስራሉ።

«አባባ፣ ከጠዋት ጀምሮ ጫማ ብቻ!» አለ ነጋዴው ጦፎ።

«በስተርጅና ዛፍ ልወጣ ነው፤ ብወድቅ አንተ ታነሳኛለህ?»

ካርታ ሠሪው እያለከለከ ደረሰ። «ጋሼ፣ ያቁሙ! ካርታው አላለቀም። ይሄ ደን የተከለለ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ነጋዴው አመዱ ቡን አለ። መጋዙን አየ፣ ዛፉን አየ። «አንድ ዛፍ ጥዬ ቢሆን ዛሬ የማድረው እስር ቤት ነበራ?»

«መንደሩም ያለ ውሃ» አለ ካርታ ሠሪው።

ነጋዴው በረጅሙ ተነፈሰና ሽማግሌው እግር ሥር ተንበረከከ። «አባባ፣ ጫማዎን እኔ ልሰርልዎት።»

«ተወው፣ አሁንማ ታሰረ» አሉና ሳቁ። ባለመጋዞቹም ሳቁ።

ካርታ ሠሪው እዚያው ሣሩ ላይ አዲስ ወረቀት ዘረጋ። መጀመሪያ ቀዩን ቀባ። አረንጓዴው ከደኑ ማዶ ጠበብ ብሎ ቀረ፤ ለአቮካዶው ግን በቃ።

ወዳጄ፣ ሁላችንም የምንጀምረው የምንፈልገውን በመቀባት ነው። የማይነካውን «ኋላ» እንለዋለን። ከምትመኘው በፊት የማትነካውን ለይ፤ ጫማ እያሰረ የሚያዘገይልህ ሽማግሌ ሁልጊዜ አታገኝም። ለመሆኑ ያንተ ካርታ ላይ ቀዩ ተቀብቷል?