ድንጋዩን የሳበው ድምፅ

ልጆች፣ ቀረብ ቀረብ በሉ። የዛሬው የሚያስቅ አይደለም።

በድሮ ዘመን፣ በየክረምቱ ሰው የሚበላ አንድ ወንዝ ነበር። ንጉሡ "ድልድይ ይሠራበት" ብለው ባላምባራስ ጣሰው የሚባሉ አለቃ ሾሙ። ባላምባራስ ድምፃቸው ትልቅ፣ ሥራቸው ትንሽ ነበር። ለሠራተኞቹ ውሃ የምትቀዳው አንጓች ግን ዝምተኛ፣ ዐይኗም ምንም የማያመልጠው ሴት ነበረች። ባሏን ያው ወንዝ ወስዶባታል።

ለድልድዩ የሚሆነው ድንጋይ ከሩቅ በገመድ ይሳባል። ባላምባራስ "ሳቡ!" ይላሉ። ግማሹ ሲስብ ግማሹ ትንፋሹን ይሰበስባል። ድንጋዩ ንቅንቅ አይልም።

አንጓች ይህን ስታይ ሰነበተች። አንድ ቀን እንስራዋን አስቀመጠችና የሰዎቹን ትንፋሽ ጠብቃ "ሆ!" አለች። ሁሉም እኩል ሳቡ። ድንጋዩ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ "ሆ!" ብላ የምትጠራው እሷ ሆነች። አንደኛው ድንጋይ ደረሰ፤ ንጉሡ ለባላምባራስ በቅሎ ላኩ። ሁለተኛው ደረሰ፤ ጋሻ ላኩ። ለሦስተኛው፣ ለትልቁ፣ ካባ ይዘው ራሳቸው መጡ።

ያን ዕለት ጧት ባላምባራስ አንጓችን ጠሯት።

"ዛሬ ድምፅሽን እንዳልሰማ! ጃንሆይ ፊት ሴት መራችው ልባል ነው?"

"ጌታዬ፣ ዳገቱ ክፉ ነው። ድንጋዩ እንዳይንሸራተት ከኋላው ሽብልቅ የሚያስገባው ወንድሜ አየልኝ ነው።"

"ዝም በይ ብያለሁ! ጅራፉን አታይም?"

ሳቢዎቹ ሁሉ ሰሙ። አንድም ሰው አልተናገረላትም።

ንጉሡ መጥተው ቆሙ። ባላምባራስ "ሳቡ!" ብለው ጮሁ። ደግመው ጮሁ። ሦስተኛ ሲጮሁ ገመዱ ላላና ድንጋዩ ወደ ኋላ፣ ወደ አየልኝ ተንሸራተተ።

"ሆ!" አለች አንጓች። ጅራፉንም ንጉሡንም ረሳች። መቶ ክንድ ባንዴ ጠበቀ። ድንጋዩ ከአየልኝ ጉልበት አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ።

"ማነው የጮኸው?" አሉ ንጉሡ። ሳቢዎቹ ገመዱን እንደያዙ ቀሩ።

"ይህን ሥራ የሚመራው ማነው?" ሁሉም መሬት መሬቱን አየ።

"ሦስተኛ ልጠይቅ?"

አየልኝ እያለቀሰ ተነሣ። "ጃንሆይ፣ ሦስት ወር ሙሉ እጃችን የታዘዘው ለእሷ ነው። አፋችን ያመሰገነው ግን ባላምባራስን ነው። ጧት ዝም በይ ሲሏትም እኔ ወንድሟ ቆሜ ሰማሁ።"

ንጉሡ ካባውን ለአንጓች ዘረጉላት። እሷ አልነካችውም።

"ካባው ይቆየኝ ጃንሆይ። ድንጋዩ ገና አልደረሰም።"

ጠራች፤ ሳቡ። ጠራች፤ ሳቡ። ጠራች፤ ድንጋዩ ወንዙ ዳር ተቀመጠ። ያኔ ለበሰችው።

ባላምባራስስ? ገመዱ ጫፍ ላይ ተሰለፉ፤ በእሷ ድምፅ መሳብን እዚያ ተማሩ። አንጓች ግን ብቻዋን መሪ ሆና አልቀረችም። ከውሃ ቀጂዎቹ ሦስቱን መርጣ አጠራሩን አስተማረቻቸው። የሚቀጥለውን ድልድይ ያሠሩት እነሱ ናቸው።

እንግዲህ ልጆች፣ ሥራውን የምትመራው ሴት ማን እንደሆነች ስታውቁ፣ ስሟን በጊዜ ጥሩ። ድንጋዩ እስኪንሸራተት አትጠብቁ።

ተረቴ ወንዙን ተሻገረ፤ እናንተም በሰላም ግቡ።