ንጉሥ የሌለው ገደል

በዘንዶ ገደል የሚኖሩ ዝንጀሮዎች ንጉሥ አልነበራቸውም፤ በዚህም ይኮሩ ነበር። ነገር ሲመጣ ሁሉም በሰፊው አለት ዙሪያ ይሰበሰባል፤ የፈለገ ይናገራል፤ ብዙ እጅ የወጣለት ሐሳብ ሕግ ይሆናል። ነብር አገሩን ባስጨነቀ ጊዜ ሽኮኮውን፣ ሚዳቋውንና ጦጣውን አስተባብረው ያባረሩት እነሱ ናቸው። ከዚያ በኋላ ጎረቤቶቹ ሁሉ ለጥበቃው እያሉ የሾላ ፍሬ ያመጡላቸው ጀመር። ነብሩ ከታየ ዐሥር ክረምት አልፏል፤ ሾላው ግን አልቀረም። ዝንጀሮዎቹም ወፈሩ፤ ገደላቸውን አገር በሚያደንቀው የእሾህ ቅጥር አጠሩ።

ዘርፌ የምትባል አሮጊት ዝንጀሮ ባሏን የበላት ያ ነብር ነው።

አንድ ዓመት ሽኮኮዎቹ ሽማግሌያቸውን ላኩ። «ሾላችን ዘንድሮ ደርቋል፤ ነብሩም የለም። እባካችሁ ተዉን» አለ።

አባ መብረቅ የሚሉት አንደበተ ርቱዕ ጎረምሳ አለቱ ላይ ወጣ። «ዛሬ ሽኮኮን ብንምር ነገ ሚዳቋ ይንቀናል። ጉልበት ያለው ያደርጋል፤ የሌለው ችሎ ያድራል። ይጥፉ!»

ዘርፌ በዱላዋ እየተደገፈች ተነሣች። «ልጆቼ፣ ይህን ንግግር ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። ባሌን አንገቱን ይዞ ሲጎትተው ነብሩም ያለው ይህንኑ ነው።»

ጉባኤው አጉረመረመ።

«እኛስ እጅ አናወጣም?» አለ የሽኮኮዎቹ ሽማግሌ።

«በየጉድጓዳችሁ አውጡ» አለው አባ መብረቅ፤ ሁሉም ሳቁ።

እጅ ወጣ። ሽኮኮዎቹ እንዲጠፉ ተወሰነ። ቀጥሎም ገደሉን ከነብር ጋር ያመሳሰለችው ዘርፌ እንድትባረር ተጠየቀ። ዘርፌ ዞር ብላ ልጇን ደርብን አየችው። እጁ ወጥቷል።

«እማዬ፣ ለሽኮኮ ብለሽ በሁሉ ዘንድ ልታስጠዪን ነው» አላት፤ ዓይኗን ግን አላየም።

በሽኮኮዎቹ አለት በኩል ስትወርድ ደሙ ገና አልደረቀም ነበር። ወንዝ ዳር ብቻዋን ሥር እየቆፈረች ኖረች።

በሁለተኛው ክረምት አባ መብረቅ፣ «ከወንዙ ማዶ የሾላ ጫካ አለ፤ የኛ መሆን አለበት» ብሎ ተናገረ። እጅ ወጣ። ጎረምሳው ሁሉ ሞልቶ የሚደነፋውን ወንዝ ሊሻገር ወረደ። ዘርፌ ከዳር ሆና «ደርብ! ተመለስ!» እያለች ጮኸች። ውሃው ይዞት ሄደ። ከመቶው ጎረምሳ ዐሥር እንኳ አልተመለሱም።

ጎረቤቶቹ ይህን ሲያዩ ሾላ ማምጣቱን አቋርጠው ወደ ጅቦች ሄዱና «ከዝንጀሮ አገዛዝ አውጡን» አሉ። ጅቦችም እንዲህ ያለ ጥሪ አያሳልፉም፤ መጡ። ዝንጀሮዎቹን የገዛ ቅጥራቸውን በገዛ እጃቸው እንዲያፈርሱ አዘዟቸው።

ዘርፌ ያን ቀን ወደ ገደሉ ወጣች። አባ መብረቅ ከጎርፉ ተርፎ፣ መዳፉ እየደማ እሾህ ይጎትታል። «እትዬ ዘርፌ፣ አንቺ ንግግር ታውቂያለሽ፤ ለምኝልን» አላት። ልጇን ለወንዙ ያስበላባት እሱ ነው። ፊቱን ለረጅም ጊዜ አይታው አለፈች።

የጅቦቹ አለቃ ተንጎራደደና፣ «እጅ ማውጣት ትወዳላችሁ አሉ። ልግዛችሁ?» አለ። እጅ ሁሉ ወጣ፤ የዘርፌ ሲቀር።

«አንቺስ?»

«እኔ በእጅ ብልጫ የተባረርሁ ነኝ፤ አልቆጠርም።»

ጅቡ ከት ብሎ ሳቀ። በስተኋላው ጦጣዎችና ሚዳቋዎች «ዛሬ ነጻ ወጣን!» እያሉ ይጨፍራሉ። አለቃው ሳቁን ሳይጨርስ ወደ እነሱ ዞረ። ዘርፌ ዓይኑን ተከትላ አየች፤ ከሁሉ የወፈረችው ሚዳቋ ላይ አርፏል። ምራቁን ዋጠ።

«ሩጡ!» ብላ ጮኸች ዘርፌ። «እናንተ ጎረቤቶች፣ ሩጡ!»

ሚዳቋዋ ቆም ብላ አየቻት። «ዝንጀሮ ዛሬም ልታዝዘን ያምራታል» አለችና ወደ ጭፈራዋ ተመለሰች።