አንድ ጋቢ ለሦስት ትከሻ

በአንድ ወቅት፣ ባቡሩ ቀርቶ ጣቢያው ብቻ በተረፈላት አንዲት ቆላማ ከተማ፣ ረቂቅ የምትባል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። የእህቴ ልጅ ናትና አጋነነች አትበሉኝ፤ ያን ጎማ ያለውን ጫማ፣ ስኬት የሚሉትን፣ አጥልቃ በአንድ እግሯ ስትሽከረከር እንዝርት ናት! እንዝርትን ደግሞ እኔ አውቃለሁ፤ ስፈትል ነው የኖርኩት።

ስኬት ለስላሳ ሲሚንቶ ይፈልጋል። በከተማው ለስላሳ ሲሚንቶ ያለው የድሮው ባቡር ጣቢያ መጋዘን ብቻ ነው። እዚያም ከሰዓት እህል ይራገፋል፤ ባዶ የሚሆነው ጠዋት ጠዋት ነው። ልጅቷ ስድስተኛ ክፍል ስትገባ የደረሳት ፈረቃ የቱ ይመስላችኋል? የጠዋት! ከዚያማ ደብተሯን ይዛ ትወጣለች፣ መጋዘን ትውላለች። ካርድ ሲመጣ ከስምንቱ ትምህርት አምስቱ በቀይ ተጽፏል።

እናቷ አስካለ ተቆጣች። እህቴ ስትቆጣ አትጮኽም፤ እጇ ነው የሚሠራው። ከጎረቤት የብሎን ቁልፍ ተውሳ ስምንቱንም ጎማ ነቀለችና ጣሳ ውስጥ ዶለቻቸው።

«እማዬ፣ ጎማ የሌለው ስኬት ምን ያደርግልኛል?»

«ቆመሽ አጥኚበት! አንድ ትምህርት አልፈሽ ነይ፣ አንድ ጎማ ውሰጂ።»

ልጅቷ ሦስት ቀን አኮረፈች። በአራተኛው ቀን የሒሳብ ደብተሯን ገለጠች። በዓመቱ አጋማሽ ካርዱ ላይ ቀይ ጠፋ፤ ጣሳውም ባዶ ሆነ።

ጎማው ተመለሰ፤ ጠዋቱስ? የሒሳብ መምህሯ ደጀኔ ፈረቃዋ እንዲቀየር ርዕሰ መምህሩን ሁለት ጊዜ ለመነ። «ፈረቃ በልጅ አምሮት አይቀየርም» ተባለ። መምህር ደጀኔ፣ ያ ዝምተኛ ሰውዬ፣ ቱግ አለ።

«ታዲያ ልጅቷን ለሁለት ልሰንጥቃት?» ብሎ መዝገቡን ሳበና ስሟን ከጠዋት ሰርዞ ከሰዓት ጻፈው፤ በገዛ እጁ! የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊነቱንም ተነጠቀ። ረቂቅ ግን ጠዋት መጋዘን፣ ከሰዓት ክፍል ሆነች።

ቀጥሎ የክልሉ የስኬት ውድድር መጣ። በመጋዘኑ ስኬት የሚያሠለጥናት ጉደታ ይህን ውድድር ስድስት ዓመት ሲጠብቅ የኖረ ነው። ቀኑ ሲነገር ከስድስተኛ ክፍል ፈተና ጋር አንድ ቀን ዋለ።

«ጋሼ ጉደታ፣ ፈተናው ይቅርብኝ» አለችው።

ሰውየው ፊቱ በርበሬ መሰለ። «እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ከጎማ ጋር ቀረሁ! አንቺም ልትቀሪ? ሂጂ ከፊቴ!» ስሟን ከቡድኑ ፋቀው። ያለ እሷ ሄዶ መጨረሻ ወጣ። የሌሎቹ ልጆች ወላጆች በአደባባይ ሰደቡት። እሷ ፈተናዋን አለፈች፤ ክረምት ላይ በተደገመው ውድድርም እሱው መልሶ አስገብቷት አንደኛ ወጣች።

ደስታችንን በመጋዘኑ አደረግነው። ጥፋቱ እዚህ ላይ የእኔ ነው። ዓመት ሙሉ ፈትዬ ያሠራሁትን ጋቢ በሰው ፊት ለልጅቷ አቀበልኩና «ለዚህ ያበቃሽን ሰው አልብሺ!» አልኳት። አንድ ጋቢ! ምን ነክቶኝ ነው አንድ ያሠራሁት?

ሦስቱም እኩል ብድግ አሉ።

«ጎማውን ባልነቅል መጽሐፍ ትገልጥ ነበር?» አለች አስካለ።

«ፈረቃውን ባልቀይር ጎማው በየትኛው ሰዓት ይሽከረከር ነበር?» አለ መምህር ደጀኔ።

«ያን ቀን ባላባርራት፣ እትዬ አስካለ፣ ዛሬ ተፈትና ያለፈች ልጅ ይኖርሽ ነበር?» አለ ጉደታ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! እህቴ ጣሳዋን ከዘንቢል አወጣች፤ ይዛው መጥታለች እኮ! «ጋቢው ሌላ ሰው ጋ ከሄደ ጎማው እዚህ ይመለሳል» አለች። መምህሩ «ሰባተኛ ክፍልም የጠዋት ፈረቃ ደርሷታል፤ እኔ ሁለተኛ ለማንም ደብዳቤ አልቀበልም» አለ። ጉደታም ኪሱን መታ፤ «የመጋዘኑ ቁልፍ እኔ ጋ ነው።»

ደሜ ፈላ! «አያችሁ እናንተ!» አልኩ፣ «ሦስት ትልልቅ ሰው በአንድ ጨርቅ! አንዳችሁ እጃችሁን ካነሳችሁ ይቺ ልጅ ወይ ትምህርቷን ወይ ስኬቷን ታጣለች። በመቀስ ልከፋፍልላችሁ?»

ማን ሰምቶኝ! ሦስቱም አይናቸው ጋቢው ላይ ነው። እኔ ከሦስተኛ ክፍል የወጣሁ ሴት ይህን ሒሳብ ከየት ላምጣው?

ረቂቅስ? ጋቢውን በሁለት እጇ ዘርግታ በጎማዋ ቀስ ብላ ተንሸራተተች። በእናቷ ፊት አለፈች፣ በመምህሯ ፊት አለፈች፣ በአሠልጣኟ ፊት አለፈች፣ አልቆመችም። ደግማ ዞረች፤ ጋቢው ከኋላዋ እንደ ክንፍ ተነፋ። ከቆመች አንዱ ይለብሳል፣ ሁለቱ ይሄዳሉ። ስለዚህ ትዞራለች፣ እግሯ እየዛለ ትዞራለች።

እናንተ የምትሰሙኝ፣ ልጅቷ ሳትወድቅ ቶሎ ፍረዱ፦ ጋቢው የሚገባው ለማን ነው? ማን ፊት ትቁም?