እንቢ ማለት ያልቻለው አናጺ

አንድ በሙያው አንቱ የተባለ ሐኪም ነበር። የአንገትና የጉሮሮ ዕጢ በቀዶ ጥገና ሲያወጣ እጁ ንቅንቅ አይልም። ታዲያ ምን ዋጋ አለው፣ «ድናችኋል» ብሎ የሸኛቸው ሰዎች ሳምንት ሳይሞላቸው ተደግፈው ይመለሱበታል።

ከጉሮሮው ዕጢ የወጣለት አናጺው ተካልኝ አንዱ ነው። ሲያሰናብተው «ለአሥራ አምስት ቀን ከአጥሚት በቀር ምንም እንዳትቀምስ» አለው። ተካልኝ ድምፁ ገና አልተመለሰምና ራሱን ነቅንቆ እሺ አለ። በአምስተኛው ቀን ትንፋሽ አጥሮት፣ በትኩሳት እየነደደ ተመለሰ። የዋጠው ምግብ ወደ ሳንባው ገብቶ ኖሯል። ሚስቱ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

«ሰው በገዛ ነፍሱ እንዴት ይቀልዳል?» ብሎ ሐኪሙ ጮኸ።

በዚያ ክፍል ሠላሳ ዓመት ያገለገሉት ሲስተር አስካለ ግን «ዶክተርዬ፣ ቁጣህን አብርድና ማን እንዳጎረሰው ጠይቀው» አሉ።

ተካልኝ ወረቀት ላይ ጻፈ፦ «ጎረቤታችን እትዬ የሺመቤት። በሞቴ አሉኝ።»

እትዬ የሺመቤት ሰው ታመመ ሲባል ድስታቸውን ይዘው ከሁሉ ቀድመው ይደርሳሉ። እንቢ ያላቸውን ያኮርፋሉ። ድምፅ የሌለው ሰው ደግሞ በምን አፉ እንቢ ይበል?

«አየህ፣» አሉ ሲስተር፣ «ምክሩን የነገርከው አፍ ለሌለው ነው። የሚያጎርሱት አልሰሙህም።»

ሐኪሙ አፈረ። ተካልኝ ሦስት ቀን ሞትና ሕይወት ሲጓተቱበት ቆይቶ በአራተኛው ትኩሳቱ ለቀቀው። የሁሉም ልብ ተመለሰ። ሐኪሙ ዳግመኛ ከማሰናበቱ በፊት እትዬ የሺመቤትን አስጠርቶ ወንበር ሳበላቸው።

«እማማ፣ የዚህ ሰው ጉሮሮ የእርስዎ አደራ ነው» ብሎ የሆነውን ሁሉ አስረዳቸው።

«ውይ፣ አፈር ልብላ! ለካ ልገድለው ነበር!» አሉና እንባቸው መጣ።

ከዚያ ወዲያ በተካልኝ በር ላይ በርጩማቸውን አስቀምጠው ዘብ ቆሙ። ጥብስ ይዞ የመጣውን ጠያቂ ሁሉ «በሞቴ፣ ወደ ቤትህ መልሰው!» ይሉታል።

በቀጠሮው ቀን ተካልኝ በእግሩ መጣ። ሐኪሙ ጉሮሮውን አይቶ «እስቲ ተናገር» አለው።

«ራበኝ» አለ ተካልኝ በጎርናና ድምፅ። ሐኪሙ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

የሚወደን ሰው የሚጎዳን አስቦ አይደለም፤ የሚጎዳንን ነገር የነገረው ስለሌለ ነው። ሐኪምም ቁስል ሰፍቶ ብቻ ሥራውን አይጨርስም፤ የሚያስታምሙትንም ማስተማር አለበት። እርስዎስ፣ ሕመምተኛ ሊጠይቁ ሲሄዱ ከማጉረስዎ በፊት የተፈቀደለትን ይጠይቃሉ?